ለእትዬ ማዕረግ የደረሰው መስኮት

መስኮት በዕጣ የተካፈሉ እህትና ወንድም አውቃለሁ። መሬት በዕጣ ይከፈላል፤ በሬና ጠመንጃ፣ የሟች እናት ቀሚስ ሳይቀር በዕጣ ይከፈላል፤ አገሩ የለመደው ነው። መስኮት በዕጣ ሲከፈል የሰማሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መርካቶ ውስጥ፣ ከእህል በረንዳ ወደ አማኑኤል በሚያወጣው መንገድ ዳር በነበረው የአባ ሙሉብርሃን ፎቅ ቤት ነው። ጊዜው የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነበር። ያን ፍርድ የፈረዱት ሽማግሌዎች ደግ ሰዎች ነበሩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ረግሜያቸው እገላገል ነበር።

እትዬ ማዕረግ የአባ ሙሉብርሃን የመጀመሪያ ልጅ ናት። ጥልፍ ሠሪ ነበረች፤ የምትጠልፈውም የቀሚስ ጥለት ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ድባብ፣ የመቅደስ መጋረጃና የካህናት ካባ ነው። በጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ላይ በወርቅማ ክር ሐረግና መስቀል ታወጣለች። ይህ ሥራ ከመርፌም ከክርም አስቀድሞ የሚፈልገው የቀን ብርሃን ነው። ከፋይ ብርሃን ይጠጣል፤ ወርቅማ ክር ደግሞ በመብራት ሲያዩት እያብለጨለጨ ስህተቱን ይደብቃል። «መብራት ይሸነግላል» ትል ነበር። በመብራት የተጠለፈ ሐረግ ሲነጋ ተጣሞ እንደሚገኝ ስለምታውቅ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መርፌዋን ከፋዩ ላይ ትሰካለች፤ ሲነጋ ትነቅላለች። ኑሮዋ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

ባሏ በጣሊያን ጊዜ በረሃ ወርዶ እዚያው ቀረ። ልጅ አላፈሩም። ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ እናቷ ሞታ፣ ታናሽ ወንድሟ አሸብር ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ሆኖ አገኘችው። ያሳደገችው እሷ ናት። «እታለም» ብሎ የጠራትም በኮልታፋ አንደበቱ ከእንጀራም ከውሃም ቀድሞ ነው ይባላል። አባቷ ከጎጃም እህል እያስጫነ የመጣ ነጋዴ ነበር። ጣሊያን እንደወጣ ያን ፎቅ ከአንድ የድሮ መኳንንት ወራሾች ላይ ገዛ። ቤቱ የመርካቶ ገበያ እዚያ ከመተከሉ በፊት የተሠራ ነው፤ ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ። በላይኛው ቤት ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ነበሩት። አንድ ህንድ አናጢ ከጥድ ልብ እንደሠራቸው ይነገራል። ከሰው ቁመት ይበልጣሉ፤ አናታቸው ቅስት ነው፤ በቅስቱ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ መስታወት ተሰክቷል። በውጭ በኩል አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ የእንጨት መዝጊያዎች አሏቸው። ከኋላ የጎረቤት መጋዘን ግድግዳ ተለጥፎ ስለቆመ፣ ላይኛው ቤት የሚያገኘው ብርሃን በነዚህ በሁለቱ የሚገባው ብቻ ነው።

አባ ሙሉብርሃን ሊሞት ሲል የንስሐ አባቱንና ወዳጁን ግራዝማች ወልደ ሚካኤልን አስጠርቶ ተናዘዘ። ቤቱ የአሸብር ነው አለ፤ ላይኛውን ክፍል ግን ማዕረግ በሕይወት እስካለች ማንም እንዳያስለቅቃት። ስለ መስኮቱ ምንም አላለም። ማን ይላል? ክፍል የሰጠ ሰው ብርሃኑንም የሰጠ አይመስለውም?

አሸብር አድጎ የእህል ንግድ ጠላ። አቧራው ያስለኛል ይል ነበር። የአባቱን ሱቅ ዘግቶ ምድር ቤቱን ለአንድ የጨርቅ አከፋፋይ ሊያከራይ ተነጋገረ። አከፋፋዩም የቤቱ ፊት አርጅቷል፤ እንደ ሰፈሩ ይሁን አለው። ሰፈሩ በዚያን ጊዜ በብረት መስኮት አብዶ ነበር። ሐምዱ የሚባል በያጅ በአንድ ዓመት ውስጥ የመንገዱን መስኮት በሙሉ ቀየረው ማለት ይቻላል። ሐምዱ ሥራው ጠንካራ፣ ወሬው ጣፋጭ ነው፤ የሚሠራው መስኮት ግን ልኩ አንድ ነው። ቤቱ ትልቅ መስኮት ከነበረው የተረፈው ቀዳዳ በብሎኬት ይደፈናል። ጫማ ተገዝቶ እግር ሲቆረጥለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንገዱ በሙሉ እንደዚያ ሆነ፤ ሰውም ሠለጠንን አለ።

እውነቱን ለመናገር የአሸብር ስሞታ ባዶ አልነበረም። የግራው መስኮት ታችኛው እንጨት በስብሶ ጣት ያስገባ ነበር። በክረምት ውሃ እየዘለቀ የምድር ቤቱን ጣሪያ ያርሰዋል። የግራው መዝጊያ አንድ ቀን ንፋስ መትቶት ማጠፊያው ተነቅሎ፣ መንገድ ላይ በአንድ አህያ ጭነት ላይ ወድቋል። አሸብር ይህን ሁሉ ሲናገር አይዋሽም። የሚዋሸው «መስኮቶቹ በሰበሱ» ሲል ነው። የበሰበሰው አንዱ ነው፤ እሱም ታቹ ብቻ።

ይህን ያለው አናጢው ረዲ ነው። ረዲ በሰፈሩ ሳጥንና አልጋ የሚሠራ ሰው ነው፤ እትዬ ማዕረግ አስጠርታው መስኮቶቹን በመሮው ጫፍ እየወጋ አያቸው። የቀኙ መሮውን መለሰው። የግራው ታቹን በላው፤ ከዚያ በላይ ግን እሱም መለሰ። ከበላዩ ያለው አሸንዳ ተቀዶ ለስንት ክረምት እንደተንጠባጠበበትም በጣቱ አሳያት። የበሰበሰውን ቆርጬ ጤነኛ እንጨት እቀጥልበታለሁ፣ የመስታወቱን ስቱኮ አድሳለሁ፣ አሸንዳው ግን ይጠገን፣ አለበለዚያ ብረትም ቢሆን አይችለውም አላት። አሸብር ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

«አናጢ ስትጠሪ እንጨት ይሻላል ይልሻል» አለ።

«ሐምዱን ብትጠራውስ ምን ይልህ ነበር ጋሼ?» አለ ረዲ ዕቃውን እየሰበሰበ። «ብረት የልጅ ልጅህን ይድራል ይልሃል። ላቡን ማን ይጠርግለታል ግን አይልህም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህትና ወንድም ተኳረፉ። እሱ ሁለቱንም ካልቀየርኩ አለ፤ እሷ ሁለቱም ካልተጠገኑ አለች። እሱ ስለ ቤቱ ፊት ይናገራል፤ እሷ ስለ እጇ። በዚያን ጊዜ የአማኑኤል ምእመናን ለጥምቀት የሚወጣ ትልቅ ድባብ አዝዘዋት ነበር፤ ከፋዩ ተዘርግቶ ክፍሉን ሞልቶታል። የሐምዱ መስኮት ከገባ ይህ ከፋይ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ነው። ለወንድሟ ይህን ስትነግረው፣ አምፖል አስገባልሻለሁ አላት። አምፖል! በእጇ አድጎ፣ ጥልፏን ሸጣ አስተምራው፣ አምፖል አላት። ከዚያ በኋላ ስሙን ለመጥራት እንኳ አፏ አልታዘዝ አለ።

ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግራዝማች ወልደ ሚካኤል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጥተው በግቢው ተቀመጡ። ግራዝማች በሰፈሩ የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ የድንበር ጠብ፣ የውርስ ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ ሲያበርዱ ኖረዋል። ጠብ ማብረድ የሚያውቁበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ለሁለት መክፈል። ሽምግልና ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ፍርዱ ከመሰማቱ በፊት እሺታው ይወሰዳል።

«የምንላችሁን ትቀበላላችሁ?» አሉ ግራዝማች።

ሁለቱም ተነሥተው እንቀበላለን አሉ። አባቷ የሞተው በኚህ ሰው እጅ ላይ ነው፤ ኑዛዜውን የሰሙም እሳቸው ናቸው። እንዴት አልቀበልም ትበል?

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ተማከሩ። ወደ ላይ ወጥተው መስኮቶቹን አላዩም። ለምን ይዩ? እሷም ሁለት መስኮት ትላለች፣ እሱም ሁለት መስኮት ይላል። ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው በራ። ግራዝማች ተናገሩ። ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው፣ ማንም ተበዳይ ማንም በዳይ ሆኖ እንዲወጣ አንፈልግም፣ ስለዚህ አንድ አንድ መስኮት በዕጣ ይድረሳቸው፤ ለእሱ የደረሰውን እሱ እንደ ፈቀደ ያድርገው፣ ለእሷ የደረሰውን እሷ እንደ ፈቀደች ታድርገው አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት አንዱ ሽማግሌ፣ የሰሎሞን ጥበብ ነው ብለው አጨበጨቡ ማለት ይቻላል።

ወደ ጭድ ተራ የሚሄድ አህያ በደጅ ሲያልፍ አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው ከጭነቱ ሁለት ጭድ መዘዙ። ረጅሙ የቀኙ፣ አጭሩ የግራው ነው ተባለ። አሸብር፣ እታለም ትቅደም አለ። ይህን ያለው ከልቡ ነው፤ ታላቁን ማስቀደም ያስተማረችው እሷ ናት። እሷም ሳበች። አጭሩ ወጣ።

ጤነኛው መስኮት ሊፈርስ፣ የበሰበሰው ሊቀር ነው። ማንም ሰው ይህን ሲያይ መሳቅ ወይም መቆጣት አለበት። እትዬ ማዕረግ ግን በዚያች ሰዓት ገና ተስፋ ነበራት፤ ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር።

«ግራዝማች» አለች፣ «እንለዋወጥ። እሱ እንደሆነ አውጥቶ የሚጥለው ነው፤ የበሰበሰውን ይጣል። ጤነኛውን እኔ ላስቀረው።»

አሸብር ትከሻውን ነቀነቀ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው አለ። እዚያ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ተጣልተው የነበሩት ተስማሙ! ግራዝማች ግን ጭራቸውን አነሡ።

«ዕጣ አይገለበጥም» አሉ። «ዕጣ የእግዚአብሔር ቃል ነው። ዛሬ መስኮት ብንገለብጥ ነገ የሰው ርስት እንገለብጣለን።»

አሸብር አንገቱን ደፋ። ሽማግሌ ተናግሯልና ዝም ማለት ጨዋነት መሰለው። ይህ ጨዋነት የስንት ሰው ቤት እንዳፈረሰ ቢቆጠር!

እትዬ ማዕረግ ቆማ ቀረች።

«ሰሎሞን ሰይፉን አስመጣ እንጂ» አለች፣ «ሕፃኑን አልሰነጠቀውም።»

«እሺ ብለሻል ልጄ።»

«ብያለሁ። የግራው የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ሦስታችሁም ምስክር ናችሁ?»

«ሦስታችንም።»

ይህን ስትጠይቅ ያሰበችው ነገር አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወቷ ማንም ሰው ስለ ምንም ነገር «ያንቺ ነው» ብሏት አያውቅም፤ ባሏ ቤት የባሏ፣ አባቷ ቤት የአባቷ፣ አሁን ደግሞ የወንድሟ ነው። ተናዳ ስለነበር ብቻ ደግመው እንዲሉት ፈለገች።

ሐምዱና የቀን ሠራተኞቹ የቀኙን መስኮት ባፈረሱበት ቀን አማኑኤል ሄዳ ዋለች። ቀን ሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀምጣ መጸለይ አልቻለችም። ስትመለስ የሆነውን መንገዱ ላይ አገኘችው። አረንጓዴዎቹን መዝጊያዎች መሬት ላይ አጋድመው ሲሚንቶ ያቦኩባቸዋል። ለክፍሏ መድፈኛ የሚሆነውን ሲሚንቶ፣ በክፍሏ መስኮት ላይ። ነጠላዋን አጣፍታ ጎንበስ አለችና መዝጊያውን ከሲሚንቶው ሥር ጎትታ አወጣችው። የተቦካው ሲሚንቶ አፈር ላይ ፈሰሰ። ሠራተኞቹ ሳቁ፤ አንደኛው እማማ ይደርቅብናል ብሎ ለመናት። ሁለተኛውንም ጎተተችው። እጇ፣ ያ በከፋይ ላይ ወርቅ የሚያስኬድ እጅ፣ በሲሚንቶ ተበላ።

አሸብር ከምድር ቤቱ ወጣ። ሰው ሲሰበሰብ አፈረ መሰለኝ፣ ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ።

«እታለም፣ እሱ እኮ የኔ ዕጣ ነው።»

«ያንተ ዕጣ ሲሚንቶው ነው» አለችው። «ያውልህ፣ እፈስ።»

ረዲ ሲመጣ መዝጊያዎቹንና የተሰባበረውን መቃን አጥቦ ጥሩ ጥሩውን ለየ። የግራውን መስኮት ብስባሽ ሰያፍ አድርጎ ቆርጦ በዚያ የቀኙን እንጨት ቀጠለበት። በኮላ አጣብቆ በእንጨት ችንካር አሠረው። ሲጨርስ መገጣጠሚያው የት እንዳለ በጥፍር ካልሆነ አይገኝም ነበር። ከዚያ በፊት ግን የአሸብርን አሸንዳ በራሷ ወጪ አስጠገነች። የቀኙ መስኮት ጤነኛ አካል ተቆራርጦ የግራውን አዳነ። ማንም ያላፈረሰው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በዚያው ጉልበት ይድኑ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ክረምቱ ገባ። የሐምዱ መስኮት ብርድ በነካው ቁጥር ያልበዋል፤ ላቡ በብሎኬቱ ላይ ወርዶ ወለሉን ያረጥባል፤ ከፋዩን ከዚያ አሽሽታ በግራው መስኮት ሥር ሰበሰበችው። ብርሃኑ ግማሽ ሆነ፤ ቢሆንም ብርሃን ነው። ከረፋድ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ እየሠራች ድባቡን ገፋች። በዚህ ሁኔታ ብትቀጥል ኖሮ ለጥምቀት ይደርስላት ነበር፤ እሷም ንዴቷን ውጣ እዚያው ትኖር ነበር ብዬ አስባለሁ። ሴት ልጅ በዚህ አገር የምትውጠው ነገር ብዙ ነው።

መስቀል እንዳለፈ ግን የጨርቅ አከፋፋዩ ገባ፤ ሲገባም ሰሌዳ አሠራ። ከቤቱ ጥግ እስከ ጥግ የሚደርስ የቆርቆሮ ሰሌዳ ነው፤ ስሙ በቀይና በሰማያዊ ተጽፎበታል። አሸብር ወደ ላይ ወጥቶ፣ እታለም ሰሌዳው ትንሽ ከፍ ይላል አላት። ትንሽ ከፍ ማለቱ በመስኮቷ ፊት መቆሙ ነበር፤ የሐምዱንም መስኮት ጋርዶታል። በእንጨት ምሰሶ ደግፈው ቸነከሩት፤ መዝጊያዎቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ስለሆኑ ከዚያ በኋላ ስንጥቅ ያህል እንጂ አልተከፈቱም። ከቅስቱ ባለ ቀለም መስታወት ላይ ብቻ ትንሽ ቀይ ብርሃን ጣሪያውን ይነካል።

መብራት አብርታ ጠለፈች። ሲነጋ ወደ በሩ ወስዳ አየችው፤ የመስቀሉ ክንድ ጠሟል። ፈታችው። ደግማ በመብራት ጠለፈች፣ ደግማ ፈታች። ከፋይ ደግሞ መርፌ የወጋውን አይረሳም፤ በፈታችው ቁጥር ቀዳዳው ይታያል።

ነጠላዋን ለብሳ ግራዝማች ቤት ሄደች። ግራዝማች በትዕግሥት ሰሟት። ከዚያም መስኮቱ ያንቺ ነው ብለናል፣ አሁንም ያንቺ ነው፣ ሰሌዳው ግን መስኮትሽን አልነካም፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው የቤቱ ፊት ነው፣ የቤቱ ፊት ደግሞ የወንድምሽ ነው አሏት። አላሾፉም። ፍርዳቸውን በጥንቃቄ ማስረዳታቸው ነው። እሷም አመስግና ወጣች።

«ስወጣ እየሳቅኩ ነበር» ትላት ነበር እናቴን። «ሰው ሲያየኝ አማኑኤል ልትገባ ነው እንዳይል ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ።» አማኑኤል ስትል ቤተ ክርስቲያኑን ሳይሆን የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበትን ሆስፒታል ማለቷ ነው።

የሄደችው ግን ወደ አማኑኤል ነው፤ ወደ ሰፈሩ። እናቴ ከቤታችን ጎን የጭቃ ክፍል ታከራይ ነበርና እሷ ዘንድ መጣች። ስለ ኪራይ ከመነጋገሯ በፊት ግድግዳውን ለመቅደድ ፈቃድ ጠየቀች። እናቴ ምን ያህል ብትላት፣ በእጇ ዘርግታ አሳየቻት። እናቴ የምትቀልድ መስሏት እሺ አለች።

ቅዳሜ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ ረዲ ረዳት ይዞ ላይኛው ቤት ወጣ። መስኮቱን ከውስጥ ፈቶ ከነመቃኑ፣ ከነቅስቱ፣ ከነመዝጊያው አወጣው። በተሸካሚ ሲያወርዱት አሸብር ከአከፋፋዩ ሱቅ ሮጦ መጥቶ ደረጃው ግርጌ ቆመ። በስሟ ጠራት፤ እስከዚያ ቀን በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

«ማዕረግ፣ ይኼ ስርቆት ነው።»

«ዳኛ ጥራ» አለችው። «ግራዝማችንም ጥራቸው። ማን እንደሰጠኝ እሳቸው ይንገሩህ።»

ከደረጃው አልተነቃነቀም። እሷም አልተነቃነቀችም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ትከሻችን ወለቀ እኮ ጋሼ ብሎ ሲያጉረመርም ነው ገለል ያለው።

ከፊት ተሸካሚዎቹ፣ ከኋላቸው ረዲ መዝጊያዎቹን ተሸክሞ፣ ከሁሉ በኋላ እትዬ ማዕረግ ከፋዩን በአንሶላ ጠቅልላ ታቅፋ፣ መርካቶን አቋርጠው ሄዱ። በጭድ ተራ ሲያልፉ ጭድ የሚጭኑት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው አዩ። ፀሐዩ በባለ ቀለሙ መስታወት አልፎ ጭዱ ላይ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ይሄድ ነበር።

«እትዬ፣ ቤቱስ መቼ ይከተላል?» አላት አንዱ።

«ቤቱ ለወንድሜ ደርሷል» አለች ሳትቆም።

የእናቴ የጭቃ ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። መስኮቱ ሲለካ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በላው፤ ደፉ መሬት ሊነካ ጥቂት ቀረው፤ ቅስቱ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ገባ። እናቴ ግድግዳዋ ሲቀደድ አይታ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች። ሰፈሩ በሙሉ እየመጣ አየው። የመኳንንት መስኮት በጭቃ ቤት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ቆመ፤ ዶሮዎች በመስታወቱ ራሳቸውን እያዩ ይጠቋቆሙ ነበር። እትዬ ማዕረግ መሬት ላይ ቆዳ አንጥፋ ከደፉ አጠገብ ተቀመጠች። ብርሃኑ ከደጅ ተነሥቶ በጉልበቷ ላይ ወጣ። ጠማማውን ክንድ ለመጨረሻ ጊዜ ፈታችው።

የቤቱ ፊት በዚያው ቀረ። ከሰሌዳው ጀርባ በቀኝ የሐምዱ ብረት፣ በግራ ባዶ ቀዳዳ። ርግቦች ገቡበት፤ ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ ገብቶ የአከፋፋዩን ጣቃ ጨርቅ አበሰበሰው። አከፋፋዩ አሸብር ላይ ጮኸ፣ አሸብር ግራዝማች ዘንድ ሄደ። ግራዝማችም ለጥምቀት ጥቂት ሲቀረው እነዚያኑ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ አማኑኤል መጡ። አሸብር ከአጥሩ ውጭ ቀረ።

እናቴ በርጩማ አቀረበች። ግራዝማች በመስኮቱ ፊት ተቀመጡ። ንግግራቸው ረጅምና ለስላሳ ነበር፤ ስለ አባቷ፣ ስለ ደም፣ ስለ ሰው አፍ ተናገሩ። ሰሌዳው ዝቅ ይላል፣ መስኮቱ ወደ ቦታው ይመለስ፣ አንቺም ወደ ቤትሽ ተመለሺ፣ ነገሩ እንዳልነበረ ይሁን አሉ።

እትዬ ማዕረግ ከሥራዋ ቀና አላለችም ነበር። አሁን ቀና አለች።

«ዕጣ አይገለበጥም» አለች። «ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። የግራዝማች ዓይን የሚያርፍበት ሲፈልግ ወደ ጉልበቷ ወረደ። ድባቡ ሊያልቅ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የወርቅማው ሐረግ በሰማያዊው ከፋይ ላይ ይሄዳል፤ በመካከሉ መስቀሉ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ዘርግቷል፤ ብርሃኑ ከሥር መጥቶ እያንዳንዷን ክር ለብቻዋ ያሳያል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት። ያን ሁሉ ጊዜ ሲፈርዱ ኖረው፣ ምን ላይ እንደፈረዱ ያዩት አሁን ነው።

«ግሩም ብርሃን አለው ቤትሽ» አሉ።

«እዚያም ነበር፣ ግራዝማች» አለችና መርፌዋን ከከፋዩ ላይ ነቀለች።